ሊፖፕሮቲን
ሊፖፕሮቲን በውሃ የማይሟሟውን ኮሌስትሮልና ሌላውን ስብ አቅፎ በደም ውስጥ የሚያጓጉዝ፣ ከስብና ከፕሮቲን የተሠራ እጅግ ጥቃቅን እንክብል ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ አንዱ ኤችዲኤል በይበልጥ የሚታወቀው ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት በመመለሱ ነው። ይሁንና የኤችዲኤል ዋና ፕሮቲን የሆነው አፖኤ-1 የቆሽት ቤታ ሕዋሳት ኢንሱሊን እንዲያመነጩ እንደሚያነቃቃ፣ ጡንቻም ስኳርን ከደም እንዲስብ እንደሚያግዝ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ይህ ግን ለስኳር በሽታ መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም፤ ኤችዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ቶርሴትራፒብ የተባለው የሙከራ መድኃኒት የስኳር ሕሙማንን የደም ስኳር ቢያሻሽልም፣ ከወሰዱት መካከል የሞቱት በመብዛታቸው ሙከራው በ2006 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ደግሞ ኢንሱሊን የግድ ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ከሲታና ድኻ መሆናቸው በጥናት ስለ ተመዘገበ፣ በአብዛኛው ከወፍራም ሕሙማን የተገኘው የኤችዲኤል ዕውቀት እንዳለ ሊጫንባቸው አይገባም፤ ለእነርሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሳይቋረጥ የሚደርስ ኢንሱሊን ነው።