በጠመንጃ ላይ የተሰጠ ፍርድ፤ ከገበያ እስከ ዶሎ ግንባር

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጠመንጃን ራሱን ሳይሆን፥ ባለ ጠመንጃው ስለ መሣሪያው የሰጠውን ፍርድ ነው። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለው ፍርድ በጽሑፍ ይገኛል። ዘ ፊልድ የተባለው ጋዜጣ፥ አንባቢዎቹ ከኋላ በሚጎርሰውና ከአፈ ሙዙ በሚጎርሰው ጠመንጃ ስለ ተከራከሩ፥ በ1850 ዓ.ም. ሁለቱን አስተኩሶ ውጤቱን አሳትሟል። በኛ አገር በዚያ ዘመን ጋዜጣ አልነበረም፤ ፍርዱ የሚነበበው በዋጋ ላይ ነው።

ለምሳሌ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ (በኋላ በባለቅኔነቱ ስሙ የገነነው) በ1879 ዓ.ም. ከ2000 በላይ ጠመንጃ ወደ ሸዋ አመጣ። ዕቃው በካፕሱል የሚተኮስ፥ በአውሮፓ የተጣለ አሮጌ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ይዘው የተሻለ መሣሪያ አግኝተው ስለ ነበር፥ የሞተውን የሸሪኩን ዕዳ ጭምር ቀንሰው፥ ነጋዴው ከጠበቀው በብዙ ያነሰ ዋጋ ከፈሉት። ራምቦ በደብዳቤው ብዙ አማሯል፤ በኛ አስተያየት ግን ገዢው ዕቃውን አውቆታል።

ሕዝቡ ግን የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነበር። ውጅግራ፥ ስሙ እንደሚያመለክተው የፈረንሳይ ፊዚል ግራ፥ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስና ጭሱ ተኳሹን የሚያጋልጥ ነው። ለበን ግን ጭስ በሌለው ባሩድ ስምንት ጥይት በጎተራው ይይዛል። ባለሙያ ቢጠየቅ ለበንን ያስቀድማል። ነገር ግን የውጅግራው ጥይት በየገበያው ይገኛል፤ ቀለሁም ተለቅሞ ባሩድና እርሳስ እንደ ገና ይሞላበታል። በደቡብ ኢትዮጵያ በብዙ ገበያ ጥይት እንደ አሞሌ ለመገበያያ ያገለግል ነበር። ስለዚህ ባለ ጠመንጃው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጥይቱ እንጂ ስለ አፈ ሙዙ አልነበረም።

ይህ ፍርድ የተፈተነው ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባን በሚሠሩበት በዶሎ አካባቢ ነው። የሲዳሞ ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው በ1928 ዓ.ም. ጦራቸውን ወደዚሁ ቆላ ሲያወርዱ፥ የኢትዮጵያ ሠራዊት ጠመንጃ ከየዘመኑና ከየአገሩ የተሰበሰበ ነበር። ገበያ ያስማማው ልዩ ልዩ ጥይት በጦር ሜዳ አይስማማም፤ የምንሽሩ ለበኑን አይሞላም። እንግሊዝና ፈረንሳይም ካለፈው ክረምት ጀምሮ የመሣሪያ ፈቃድ ከልክለው ነበር። ግራዚያኒ ጥር 3 ቀን በአውሮፕላንና በብረት ለበስ መኪና ከዶሎ ተነሥቶ አጠቃ፤ ነገሌም በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ተያዘ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናልፈው አንወድም። ኢጣልያ የኢትዮጵያ ወታደር ዱምዱም ጥይት ይተኩሳል ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ከሰሰች። ራሷ ግን በዚሁ ግንባር የመርዝ ጋዝ ስትጥል፥ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ጋዝን የሚከለክለውን ውል ፈርማ ነበር።

ራስ ደስታ ከነገሌ መያዝ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ተዋግተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተገደሉ። በዱር የቀረው አርበኛ ጥይት የሚያገኘው በአብዛኛው ማርኮ ነበር፤ የተማረከውም የሚሆነው ለጠላት ጠመንጃ ነውና፥ ፋሽስት የታጠቀው ጠመንጃ በአርበኛው ዘንድ ዋጋው ከፍ አለ።