የሶሆ ፎቆችና ተከራዮቻቸው

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ከሃውስተን ጎዳና በስተ ደቡብ ያለው ሶሆ የሚባለው ሰፈር ዛሬ የባለጸጎች ማደሪያ ሆኖ ቢታይም፣ ሕንጻዎቹ በዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ሲታነጹ ሰው ያድርባቸዋል ተብሎ አልታሰበም ነበር። ሸቀጥ ማከማቻ፣ ጨርቅ መሸጫና ልብስ መስፊያ እንዲሆኑ የተሠሩ ነበሩና፣ ነጋዴው ለድንጋይ ጠራቢ የሚከፍለውን ገንዘብና የሚያባክነውን ጊዜ ለማትረፍ ሲል፣ ፊታቸው በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ በፈሰሰ ብረት ተዘጋጅቶ፣ ዐምዱም ጌጡም በቦታው ላይ በብሎን ይጋጠም ነበር። በብሮድዌይና በብሩም ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የቆመው የሃዋውት ሕንጻ በ1857 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲፈጸም፣ ኢላይሻ ኦቲስ የሠራው ሰው የሚያወጣ አሳንሰር ተተከለበት። ቀጫጭን የብረት ዐምዶች ሸክሙን ስለ ቻሉት መስኮቱ ሰፊ፣ ወለሉም ግድግዳ የማያቋርጠው ሆነ፤ ኋላ ሠዓልያንን የማረካቸውም ይኸው ስፋትና ብርሃን ነው።

ስለ እነዚህ ፎቆች የሚጽፉ ብዙዎች ታሪኩን ከሠዓልያን መጀመራቸው ግን ያሳዝነኛል፤ ብርሃኑ አስቀድሞ የሰፊዎች ነበርና። ከሶሆ ጥቂት መንገድ በስተ ሰሜን፣ በ1911 በማርች 25 ቀን፣ እንዲህ ባለ ሕንጻ በ8ኛው፣ በ9ኛውና በ10ኛው ፎቅ ላይ በነበረው የትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ፣ በር ተቆልፎባቸው መውጫ ያጡ፣ አብዛኞቹም የአይሁድና የኢጣልያ ስደተኛ ወጣት ሴቶች የሆኑ 146 ሠራተኞች፣ ከፊሎቹ በእሳትና በጢስ፣ ከፊሎቹም ከመስኮት ወድቀው አለቁ። የኒው ዮርክ የፋብሪካ ደኅንነት ሕግ የጠነከረው ከዚህ እልቂት በኋላ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች ሰፈሩን እየለቀቁ ሲሄዱ፣ እሳት ስለ በዛበት እሳት አጥፊዎች ሶሆን የሲኦል መቶ ኤከር እያሉ ይጠሩት ጀመር። ሮበርት ሞዝስ የተባለው ኃይለኛ ባለሥልጣን ደግሞ ሰፈሩን አፍርሶ ታላቅ የመኪና አውራ ጎዳና ሊያሳልፍበት አስቦ ስለ ነበር፣ ነገ ለሚፈርስ ቤት ገንዘብ የሚያወጣ ባለቤት አልተገኘም። ጸሐፊዋ ጄን ጄከብስና የሰፈሩ ሰዎች አጥብቀው ተቃውመው ጎዳናው በ1969 እስኪሰረዝ ድረስ፣ ይህ ስጋት ኪራዩን አርክሶ ድኾች ሠዓልያንን ወደ ባዶው ፎቅ አስገባ። ባለቤቱ ያከራየው ወለሉን ብቻ ነበር፤ የውሃ ቧንቧ የዘረጋው፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያቆመው፣ በክረምት ሌሊት የሚሞቅበትን ያበጀው ተከራዩ ነው፤ ሲለቅም ያቆመውን ሁሉ ለተተኪው ይሸጥለት ነበር። ሕጉ ቦታውን ለኢንዱስትሪ ብቻ የወሰነው ስለ ሆነ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አልጋውን የሚሸሽግ ብዙ ነበር። በ1961 ከከተማው ጋር በተደረገ ስምምነት፣ እሳት አጥፊዎች ሰው የሚያድርበትን ፎቅ ያውቁ ዘንድ፣ በውጭ በር ላይ ኤ. አይ. አር. (በቤቱ የሚኖር ሠዓሊ ማለት ነው) የሚል ምልክት ይለጠፍ ጀመር።

የሊትዌንያ ተወላጁ ሠዓሊ ጆርጅ ማቹናስ በ1967 በዉስተር ጎዳና 80 ቁጥር ያለውን ሕንጻ ለሠዓልያን የጋራ ባለቤትነት አዋለው፤ ሕጉን ሳይጠብቅ በመሥራቱ ከግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ጋር ቢጋጭም፣ ብዙዎች ፈለጉን ተከተሉ። ከተማው በ1971 ሠዓሊነታቸው የተመሰከረላቸው እንዲኖሩ ፈቀደ፤ በ1973 ደግሞ ሰፈሩን የታሪክ ቅርስ አደረገው። ፈቃዱ ግን ዋጋን ይዞ መጣ። ፎቁ የተወደደ በሆነ ጊዜ፣ በገዛ ገንዘቡ ቤት ያደረገውን ተከራይ የሚያስወጣ ባለቤት በዛ፤ ይህ በእኔ ፍርድ ግልጽ ግፍ ነበር። በ1982 የወጣው የሎፍት (እንዲህ ያለው ሰፊ ፎቅ) ሕግ፣ ከኤፕሪል 1980 እስከ ዲሴምበር 1981 ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቤተሰቦች ለየብቻ ይኖሩባቸው የነበሩትን ሕንጻዎች ባለቤቶች ቤቱን ከእሳት እንዲጠብቁ አስገደደ፤ ለተከራዩም ከመባረር ዋስትና ሰጠው።

እንግዲህ ከወገኖቻችን አንዱ በእንዲህ ያለ ሕንጻ ቤት ሊከራይ ቢያስብ፣ በመስኮቱ ስፋት ከመማረኩ አስቀድሞ ሕንጻው ለመኖሪያ የተፈቀደበትን የምስክር ወረቀት እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ ሁለተኛውንም የመውጫ በር በገዛ እጁ ከፍቶ ይሞክረው።