ሃያ ዓመት የተገነባው፣ በወራት የፈረሰው

በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ።

ለዚህ ለውጥ ብዙ ምክንያት አለው። ከዋነኞቹ አንዱ ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየገጠር ቀበሌው ተመደቡ። ሕፃናትን ከተቡ፣ መጸዳጃ አስቆፈሩ፣ ተቅማጥ አከሙ። ኋላም ለሳንባ ምች መድኃኒት እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው።

አገራዊው አማካይ ግን የክልሎችን ልዩነት ይሸፍናል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት፣ ያለፉት አሥር ዓመታት ተደምረው ሲታዩ፣ ከ1,000 ሕፃናት አዲስ አበባ ላይ 39፣ አማራ ክልል 85፣ አፋር 125 ይሞቱ ነበር። ትግራይ በ59 ከክልሎች ሁሉ የተሻለች ነበረች።

ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ሲጀመር መጀመሪያ ያገኘው ይህችኑ የተሻለችውን ክልል ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በቀጣዮቹ ወራት ትግራይ ውስጥ ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈዋል፤ በአግባቡ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ከተዛመተ በኋላ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎችም ተዘረፉ።

ሕፃን በጦርነት ጊዜ የሚሞተው በጥይት ብቻ አይደለም። መብራት ሲቋረጥ የክትባቱ ማቀዝቀዣ ይሞቃል። ባንክ ሲዘጋ የጤና ሠራተኛዋ ደመወዝ ይቆማል። አምቡላንስ ሲወሰድ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ መንገድ ላይ ትቀራለች። ያልተከተበውን ልጅ ኩፍኝ የሚያገኘው ምናልባት ተኩሱ ካቆመ በኋላ ነው፤ ያኔ ሞቱ በጦርነቱ ሒሳብ አይገባም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ታዲያ ሕፃናቱ ሙሉ ሰላም እስኪመጣ ይጠብቁ? ኤልሳልቫዶር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 መንግሥትና ሸማቂዎች ጦርነቱ ሳያበቃ ለክትባት ሲባል በሦስት የተለያዩ ቀናት ተኩስ አቁመዋል። በፖለቲካው አልተስማሙም ነበር፤ የተስማሙት ከታቢዎቹ እንዲያልፉ ብቻ ነው። እዚህም ለመጀመሪያ ድርድር ከዚህ ያነሰ አጀንዳ አይገኝም።