ቁርኝት

ቃሉ የወጣው «ቆራኘ» ከሚለው ግሥ ነው። በጥንቱ የዳኝነት ሥርዓት አበዳሪና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ «የአልጋ ቁራኛ» ስንልም ያንኑ መታሰር ማለታችን ነው። በሥነ ልቦና ትርጉሙ ይለያል፤ ሕፃን ሲፈራ፣ ሲያመው፣ ሲከፋው ከሚጠጋው ሰው ጋር የሚፈጥረው ትስስር ነው። ይህ ቁርኝት አያስርም። ሲያለቅስ የሚደርስለት እንዳለ ያወቀ ልጅ እንዲያውም ራቅ ብሎ ለመጫወት ይደፍራል።

ሐሳቡን ያዳበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስዎርዝ ደግሞ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች ተመልክታ ግኝቷን በ1967 አሳተመች። ሕፃናት ከእናት ሌላ ከሚያሳድጓቸው ሰዎችም ጋር እንደሚቆራኙ አይታለች፤ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት ለሚያሳድጉበት አገራችን ትልቅ ቁም ነገር ነው። ያልጸና ቁርኝት በኋላ ሰውን ለማመንና ስሜትን ለመግራት ሊያስቸግር ይችላል፤ ዕጣ ፈንታ ግን አይደለም፤ አዛኝ አሳዳጊ ከተገኘ ይጠገናል።

ለልጅ ቅርብ መሆን ግን ለሁሉም እናት አይመችም፤ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ከእንጦጦ ጋራ ማገዶ ተሸክማ የምትወርድ እናት ጀርባዋን የያዘው እንጨቱ ነው፤ ልጇን በምን ትዘለው? የ2011 ዓ.ም. የሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ቀጣሪ የሌላት እሷ ግን ከዚህ ውጪ ናት። እናንተ የሰፈሯ ሰዎች፣ እስክትመለስ ልጇን የሚይዝላት ሁልጊዜ ያው ሰው ይሁን፤ ሲያለቅስም ቶሎ አንሡት።