ምትክ ገንዘብ፦ ካልጋሪ የምታውቀው ባለ ቴምብር ዶላር

መደበኛው ገንዘብ ከገበያ ሲጠፋ ወይም ሲያጥር መንግሥት፣ ከተማ ወይም ኩባንያ ለጊዜው አሳትሞ የሚያሠራጨውን ወረቀት እንግሊዞች «ስክሪፕ» ይሉታል። የጀርመን ከተሞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ ያሳተሙት «ኖትጌልድ» የዚሁ ዘመድ ነው። በአማርኛ «የክፉ ቀን ገንዘብ» ብንለው ለጆሮ ይጥም ነበር። ነገር ግን እኛ ዘንድ ለክፉ ቀን የሚባለው ተቆጥቦ የተቀመጠ ጥሪት ነው፤ ይህኛው ደግሞ ጥሪት ሲያልቅ የሚመጣ ነው። ስለዚህ «ምትክ ገንዘብ» እንበለው።

እዚህ ካልጋሪ ለምንኖር ሰዎች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የክረሰንት ሃይትስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና የሬዲዮ ሰባኪ የነበረው ዊልያም አበርሃርት፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ በየወሩ 25 ዶላር እንደሚሰጥ ቃል ገብቶ በ1935 እ.ኤ.አ. የአልበርታ ፕሪሚየር ሆነ። ድርቅና የኢኮኖሚ ድቀት ያጎሳቆሉት ክፍለ ሀገር ግን ካዝናው ባዶ ነበር፤ በሚያዝያ 1936 ዕዳውን መክፈል አቃተው። በዚያው ዓመት ነሐሴ «የብልጽግና ሰርተፍኬት» የተባለ የአንድ ዶላር ወረቀት አሳትሞ ለመንገድ ሥራ ሠራተኞች ይከፍል ጀመር።

ልዩ የሚያደርገው የወረቀቱ ጀርባ ነው። 104 ትንንሽ ሣጥኖች ተሰምረውበታል፤ ወረቀቱን የያዘ ሰው በየሳምንቱ የአንድ ሳንቲም ቴምብር ገዝቶ አንዱ ላይ ይለጥፋል። ቴምብር የጎደለው ወረቀት አያገበያይም። ማንም ሳንቲም መክሰር ስለማይወድ ቶሎ ገበያ ያወጣዋል፤ የታሰበውም ይኸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቴምብሩ የተሰበሰበው 1.04 ዶላር ወረቀቱን መልሶ ይገዛዋል። ሐሳቡ የጀርመናዊው ሲልቪዮ ጌዜል ሲሆን፣ የኦስትሪያዋ ቨርግል ከተማ በ1932 ሞክራው ብሔራዊ ባንኩ በማግስቱ ዓመት አስቁሟታል።

አልበርታ ውስጥ ግን ወረቀቱ በራሱ ደከመ። ባንኮችና ብዙ ነጋዴዎች አንቀበልም አሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ያሳተመው መንግሥት ራሱ ለግብር አለመቀበሉ ነው። አሳታሚው ያላመነውን ወረቀት ባለሱቁ ለምን ይመነው? በ1937 እ.ኤ.አ. ቀረ።

የእኛስ? ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ገበያው ላይ ጠገራ ብር፣ ሊሬና እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተደበላልቀው ነበር። የኢትዮጵያ የራሷ ወረቀት የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ሽልንጉን ምትክ ገንዘብ ልንለው አይገባም፤ ለችግሩ ተብሎ የታተመ ሳይሆን የሌላ ግዛት መደበኛ ገንዘብ ነበርና። «የውሰት ገንዘብ» ቢባል ይስማማዋል።