ዝምታ የወለደው ጥርጣሬ

በቀድሞ ዘመን ገዢዎች «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር በቃል ይነገራል። እረኛ ከከብቶቹ ኋላ ሆኖ የሚያዜመው በማንም ታዝዞ ስላልሆነ፣ ሕዝቡ በልቡ የያዘውን ሳይሸፋፍን ያወጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ልማዱ ሲመረመር፣ መንግሥት የራሱን ሥራ ውጤት የሚያነብበት መለኪያ መሻቱን ያመለክታል። የመለኪያ ዋጋ ደግሞ ከባለቤቱ ምኞት ነጻ በመሆኑ ላይ ነው። የቦይለር ግፊት ሲያይል የመለኪያው ቀስት እንዳይነሣ አድርጎ የሚያስር ሰው ግፊቱን አይቀንስም፤ የሚያስቀረው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው።

ዘመናዊው ፖለቲካ የእረኛውን ስፍራ ለጋዜጣ፣ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ሰጥቷል። በኢትዮጵያ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም.፣ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ሁለቱም የመንግሥት ነበሩ። ስለዚህ የሚለካውና መለኪያውን የሚይዘው አንድ እጅ ሆነ። ይህ አሠራር በሕዝብና በዜና ማሠራጫዎች መካከል ምን ዓይነት ጥርጣሬ እንዳስከተለ ለመረዳት፣ በአሥር ዓመት ልዩነት የደረሱትን ሁለት ረሃቦች ታሪክ ማስተያየት ይበቃል።

በ1964 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ተጓደለ፤ በ1965 ዓ.ም. የበልጉም ዝናብ ቀረ። በወሎ ገበሬው በሬውን፣ ቀጥሎም የእርሻ መሣሪያውን ሸጦ በመጨረሻ ወደ አውራ ጎዳና ወጣ። የአፋር አርብቶ አደርም በድርቁ ላይ፣ በአዋሽ ሸለቆ በተስፋፉት ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ምክንያት የግጦሽ መሬቱን አጥቶ ነበር። የሟቾቹን ቁጥር አንዳንዶች ወደ 40 ሺህ፣ ሌሎች እስከ 200 ሺህ ያደርሱታል። የግምቱ መራራቅ ራሱ፣ በጊዜው የቆጠረና የመዘገበ አለመኖሩን ይመሰክራል።

የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዚህ ረሃብ ላይ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር አሳይተዋል። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ይህን ያህል አልወደቀም፤ በደሴ ገበያም ዋጋ ሰማይ አልነካም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚጫን እህል ነበር። ምክንያቱም የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ረሃቡ በገበያ ላይ ድምፅ አልነበረውም። እንግዲህ ዋጋ የተባለው መለኪያ ባልሠራበት ቦታ፣ የቀረው ማስጠንቀቂያ አይቶ የሚናገር ሰው ብቻ ነበር።

አይተው የተናገሩ አልጠፉም። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው በግቢው ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። የመንግሥት ማሠራጫዎች ግን የጉብኝትንና የምረቃን ዜና ከማስቀደም አልተመለሱም። አሜሪካዊው ጃክ ሼፐርድ በ1975 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶችም መንግሥቱን ላለማስቀየም ሲሉ ያወቁትን ይዘው ዝም ብለዋል። በመጨረሻ ዝምታውን የሰበረው ከባሕር ማዶ የመጣ ካሜራ ሆነ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ፤ የዓለምም እጅ ለእርዳታ ተዘረጋ። ኢትዮጵያዊው ስለ ወንድሙ ሞት ከእንግሊዛዊው ተመልካች ኋላ ተረዳ። ለአንድ አገር የዜና ማሠራጫ ከዚህ የከፋ ውድቀት ለማሰብ ያስቸግራል።

ያው ፊልም ወደ አገሩ የተመለሰው ሌላ መልክ ይዞ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ የአዲስ አበባ ቴሌቪዥን «ስውሩ ረሃብ» በሚል ርእስ አሳየው። በረሃብ ያለቁት ሰዎች ሥዕል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ከሚያሳየው ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ ቀረበ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ሥልጣናቸው አከተመ።

እዚህ ላይ ነገሩን በጥንቃቄ መመልከት ያሻል። በፊልሙ ውስጥ ሐሰተኛ ሥዕል አልነበረም፤ ረሃቡም ግብዣውም የሆነ ነገር ነው። አድልዎው ያለው በስፌቱ ላይ ነው። በተለያየ ጊዜና ስፍራ የተነሡ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲሰፉ፣ ማንም በቃል ያልተናገረውን ፍርድ ይናገራሉ። ይልቁንም ከፊልሙ የጎደለው ሥዕል አንድ ነበር፤ እርሱም ረሃቡ ሲፈጅ ዝም ያለው የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሥዕል ነው። ፊልሙ አድልዎ ነበረበት ማለት ረሃቡ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የገዢዎቹንም ጥፋት አያሳንስም። ነገር ግን ተመልካቹ በዚያ ምሽት ሁለት ትምህርት አገኘ፤ አንደኛው እውነት ተደብቆ መኖሩን፣ ሁለተኛው ደግሞ የተደበቀው እውነት የሚወጣው ለባለ ሥልጣኑ ሲጠቅም መሆኑን።

ሁለተኛው ትምህርት በአሥረኛው ዓመት ተረጋገጠ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን የደረሰውን አደጋ ለለጋሾች አስታወቀ። ይሁን እንጂ መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ የሚከበርበት ወር ነበርና፣ የአገሪቱ ማሠራጫዎች በበዓሉ ዝግጅት ተይዘው ሰሜኑን ዘነጉት። የውጭ ጋዜጠኞችም በዓሉ እስኪያልፍ ወደዚያ እንዳይሄዱ ተደረገ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክ የዘገበውና መሐመድ አሚን ያነሣው የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ታየ። የቀድሞውን መንግሥት በረሃብ ሥዕል የከሰሰው መንግሥት፣ በተራው በረሃብ ሥዕል ተከሰሰ፤ ካሳሹም እንደ ቀድሞው ባዕድ ነበር።

ጥርጣሬ የሚያስከትለው ጉዳት ከሁሉ ይልቅ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ኮሚሽኑ ያቀረበው ማስጠንቀቂያ እውነተኛ ሆኖ ሳለ፣ ከለጋሾቹ ብዙዎቹ ቁጥሩ የተጋነነ ነው በማለት ወራት አሳለፉ። ለማዘግየታቸው የራሳቸው ፖለቲካዊ ምክንያት እንደ ነበራቸው አይካድም፤ ሆኖም ዘወትር ለራሱ የሚመሰክር አንደበት እውነት በሚናገርበት ቀን እንኳ የሚያምነው አያገኝም። የዘገየው የእምነት ዋጋ በሰው ሕይወት ተከፈለ።

በአገር ውስጥም አድማጩ ጆሮውን ወደ ሌላ አዞረ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ይናገር የነበረው የጀርመን ድምፅና በ1975 ዓ.ም. የተጨመረው የአሜሪካ ድምፅ፣ በየቤቱ ራዲዮው ዝቅ እየተደረገ የሚደመጡ ሆኑ። ከውስጥ ያለው ሰውም ቢሆን ለመናገር የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነበር። የ«አዲስ ዘመን» ዋና አዘጋጅና በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን የነበረው በዓሉ ግርማ፣ የዚያን ዘመን የቅስቀሳ ሥራ ከውስጥ አይቶ «ኦሮማይ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም ከሥራው ተባርሮ በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የግል ጋዜጦችም እንደ አሸን ፈሉ። የአንባቢው ልማድ ግን በአዋጅ አልተለወጠም። «ምን ይላል?» ከማለት በፊት «የማን ነው?» ማለት፣ ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈውን መፈለግ፣ ለሐሜት ከዜና የበለጠ ጆሮ መስጠት ከዚያ ዘመን የተወረሰ ዕዳ ነው። ይህን ልማድ የሕዝብ አላዋቂነት አድርጎ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ ተታልሎ የተማረው ጥንቃቄ ነውና። አደጋው ግን ሁሉን የሚጠራጠር ሕዝብ በመጨረሻ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ማመኑ ነው።

በምሕንድስና ሙያ አንድ መለኪያ የሚታመነው አይሳሳትም ተብሎ አይደለም። የስሕተቱ መጠን ስለሚታወቅ፣ በየጊዜው ከታወቀ ልኬት ጋር ስለሚመሳከር፣ ስሕተቱም በመዝገብ ስለሚጻፍ ነው። የዜና ማሠራጫም የተጓደለበትን እምነት የሚመልሰው ገለልተኛ ነኝ ብሎ በመማል ሳይሆን፣ ትናንት የተሳሳተውንና ዝም ያለበትን በራሱ ገጽ ላይ በማስፈር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የወሎና የኮረም ታሪክ ግን ንጋቱን ሳያዩ የቀሩ ብዙዎች እንደ ነበሩ ያስታውሳል።