በስልካችሁ ባትሪ ውስጥ ያለው የፌስታል ዘመድ

ነገሩ የሚጀምረው በ1970ዎቹ ነው (እዚህ የምታነቧቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ ኤክሶን በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ስታንሊ ዊቲንግሃም የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ቻርጅ የሚደረግ የሊቲየም ባትሪ እየሠራ ነበር። የነዳጅ ኩባንያ ባትሪ ምን ያደርግለታል ካላችሁ፣ ወቅቱ ነዳጅ የተወደደበትና ባለ ነዳጆቹ ራሳቸው «ሲያልቅስ?» ማለት የጀመሩበት ነው። ባትሪው ሠርቷል። ችግሩ በእሳት መያያዙ ነው፤ ያውም ደጋግሞ። እሳት አደጋዎች ከመመላለሳቸው ብዛት፣ የሊቲየም እሳት የሚጠፋበትን ልዩ ኬሚካል ወጪ ቤተ ሙከራው ራሱ ይሸፍን ብለው እስከማስፈራራት ደርሰዋል።

ለምን ይቃጠላል? ባትሪውን ቻርጅ ስታደርጉ ሊቲየም በኔጌቲቩ በኩል ይመለስና ይጋገራል። ግን እኩል አይነጠፍም። አንዱ ቦታ ላይ ትንሽ ጉብ ይላል፣ ጉብታው ብዙ ሊቲየም ይስባል፣ በመጨረሻ እንደ እሾህ ይረዝማል። ዴንድራይት ይሉታል። እሾሁ ተሻግሮ ፖዘቲቩን የነካ ዕለት ባትሪው ውስጡን ሾርት ያደርጋል፣ ይግላል። በሁለቱ መካከል ያለው ፈሳሽ ደግሞ ውሃ እንዳይሆን ሊቲየም ከውሃ ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ በቀላሉ የሚቀጣጠል ኦርጋኒክ ፈሳሽ ነው። ቀሪውን ገምቱት።

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1989 ሞሊ ኤነርጂ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የሠራቸው የሊቲየም ባትሪዎች ጃፓን ውስጥ በሞባይል ስልኮች ላይ እሳት አስነሱና ተሰበሰቡ።

ታዲያ አንዳንዶች «ጥፋተኛው ፈሳሹ ከሆነ ለምን አናወጣውም?» አሉ። በ1973 እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ውስጥ ፒተር ራይትና ባልደረቦቹ አንድ የሚገርም ነገር አሳይተው ነበር፤ ፖሊ ኤቲሊን ኦክሳይድ የሚባል ፕላስቲክ ጨው ያሟሟል። ውሃ ጨውን እንደሚያሟሟ ማለት ነው። ፖሊመር ማለት በክር እንደተሰካ ዶቃ ትንንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በዚህኛው ሰንሰለት ላይ ያሉት ኦክስጅኖች የሊቲየም አዮኑን ያቅፉታል፣ ሰንሰለቱ ሲወዛወዝ ለሚቀጥለው ያቀብሉታል። በ1978 ፈረንሳዊው ሚሼል አርማንድ ይህን ፕላስቲክ በባትሪው ፈሳሽ ቦታ እናስገባው አለ። የሚፈስ የለ፣ የሚተን የለ። በጣም ያምራል።

ግን ሰንሰለቱ የሚወዛወዘው ሲሞቅ ነው። በክፍል ሙቀት ፕላስቲኩ አብዛኛው ይደርቅና አዮኖቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ በደንብ የሚሠራው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ 60 ዲግሪ የሚግል ስልክ አስቡት!

በዚሁ ጊዜ ጃፓን ውስጥ፣ አሳሂ ካሴይ በሚባል የኬሚካል ኩባንያ አኪራ ዮሺኖ በሌላ መንገድ እየሄደ ነበር። እሱም በ1981 የጀመረው በፖሊመር ነው፤ ፖሊ አሴቲሊን በሚባል ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ። ፕላስቲኩ ግን ቦታ ይፈጃል፤ ባትሪውን ማሳነስ አልተቻለም። ዮሺኖ ትቶት ወደ ካርቦን ዞረ። ሊቲየሙ እንደ ብረት ከመጋገር ይልቅ በካርቦኑ ንብርብር ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ እሾህ የማብቀል ዕድሉም በጣም ይቀንሳል። ፈሳሹ ግን አልወጣም። በሁለቱ ጫፎች መካከል ከፀጉር የቀጠነ፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ የፖሊ ኤቲሊን መጋረጃ አስገባ።

ፖሊ ኤቲሊንን ታውቁታላችሁ። ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው።

ለኔ የታሪኩ ትልቁ ጀግና ይህ መጋረጃ ነው። በደህናው ቀን አዮኖችን በቀዳዳዎቹ ያሳልፋል፣ ጫፎቹ ግን እንዳይነካኩ ይከለክላል። ባትሪው ግሎ ወደ 130 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። አዮን ማለፍ አልቻለም ማለት ባትሪው ቆመ ማለት ነው። ቆጣሪ ላይ እንዳለ ፊውዝ፣ ብቻ ሽቦ የሌለው። የፌስታል ድክመት፣ ማለትም ቶሎ መቅለጡ፣ እዚህ ጋ ሥራ አገኘ።

በ1986 ዮሺኖ ባትሪውን ፈንጂ ወደሚሞከርበት ቦታ ወስዶ ከባድ ብረት ጣለበት። ምንም አልሆነም። ንጹህ ሊቲየም ባለበት ባትሪ ላይ ሲደግመው ግን በኃይል ፈነዳ። ባትሪዬ የተወለደው ያኔ ነው ይላል ራሱ። ሶኒ በ1991 ለገበያ አቀረበው፤ በ2019 ዮሺኖ፣ ዊቲንግሃምና ጆን ጉድኢናፍ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

መጋረጃው ግን ሁሉን አይችልም። ፖሊ ኤቲሊን ሲቀልጥ ይኮማተራል፤ ከተኮማተረ ጠርዙ ላይ ክፍተት ይፈጠርና ጫፎቹ ይነካካሉ። ለዚህ ነው አምራቾች ዘግይቶ በሚቀልጥ ፖሊ ፕሮፒሊን ግራና ቀኝ የሚደግፉት፣ ወይም የሴራሚክ ዱቄት የሚቀቡት። ከውጭ የሚመጣውንስ? በ2016 የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 ስልኮች ሲቃጠሉ፣ በአንዳንዶቹ ባትሪዎች ውስጥ የተገኘው መጋረጃውን የበሳ የብየዳ ትርፍ ነበር።

የአርማንድ ሕልምስ? አልሞተም። በ2011 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ኦቶሊብ የሚባል የኪራይ መኪና አገልግሎት ሲጀመር፣ የቦሎሬ ኩባንያ መኪኖች የሚሄዱት በጠጣር ፖሊመር ባትሪ ነበር። ሲቆሙ ባትሪው እንዳይቀዘቅዝ ሶኬት ላይ ይሰካሉ። በኋላ ኩባንያው ይህንኑ የባትሪ ዓይነት አውቶቡስ ላይ ገጠመው። በሚያዝያ 2022 ሁለት አውቶቡሶች እዚያው ፓሪስ ውስጥ ተቃጠሉ፤ ሰው አልተጎዳም፣ የከተማዋ ትራንስፖርት ድርጅት ግን 149 አውቶቡሶችን ለጊዜው ከመንገድ አወጣ። ፈሳሽ የለም ማለት የሚቃጠል ነገር የለም ማለት አይደለም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ይነዳል፣ ከጎኑ ያለው ሊቲየምም ንጹህ ብረት ነው።

ስልካችሁ ላይ «ሊቲየም ፖሊመር» የሚል ካያችሁ ደግሞ የአርማንድ ባትሪ እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ ፈሳሹ አሁንም አለ፤ ምናልባት በፖሊመር ጄል ተይዞ፣ በለስላሳ ከረጢት ታሽጎ። የሚጠብቃችሁ ያው መጋረጃ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ውፍረቱ 25 ማይክሮን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ10 በታች የወረደም አለ። መጋረጃው በሳሳ ቁጥር ለኃይል የሚሆን ቦታ ይተርፋል፣ ስልካችሁም ትንሽ ይቆያል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ግድግዳ ግን ያንኑ ያህል ቀጥኗል።